ኦክታቪዮ ሜዴሊን፦ ከባለእጆች ተምሮ ዳላስን ያስተማረው ስደተኛ

በዳላስ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ቀድሞ ትምህርት ቤት በነበረ አንድ ሕንጻ ውስጥ፣ ጭቃ የሚያቦኩ፣ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ ብርጭቆ ቆርጠው የሚገጣጥሙ ሰዎች ይገናኛሉ። ለመመዝገብ የሥነ ጥበብ ዲግሪ አይጠየቁም፤ እጃቸውን ለማቆሸሽ ፈቃደኛ መሆናቸው ይበቃል። ቦታው የዳላስ የፈጠራ ጥበባት ማዕከል ይባላል። መጠሪያው ስለ መሥራቹ የሚናገረው ነገር የለም። ማዕከሉን በ1966 የተከለው ግን በልጅነቱ ከሜክሲኮ አብዮት ሸሽቶ ቴክሳስ የገባ ስደተኛ ነበር፤ ስሙም ኦክታቪዮ ሜዴሊን።

ሜዴሊን በአሜሪካ የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ በይበልጥ የሚታወቀው በድንጋይና በእንጨት ቀራጺነቱ ነው። በረዥም ዕድሜው ግን ሸክላን፣ ሞዛይክንና ብርጭቆንም ሠርቶባቸዋል፤ አስተምሮባቸዋልም። ከሥራዎቹ እኩል የሚነሳው ሌላው ውርሱ አስተማሪነቱ ነው። በዴንተንና በዳላስ ከአርባ ዓመት ላላነሰ ጊዜ እጅ የሚያውቀውን ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲያሻግር ኖሯል። ያን ዕውቀት ከየት እንዳገኘው ማወቅ ደግሞ ታሪኩን ለእኛም ቅርብ ያደርገዋል።

ከማቴሁዋላ እስከ ሳን አንቶኒዮ

ሜዴሊን የተወለደው በ1907 በሜክሲኮ የሳን ሉዊስ ፖቶሲ ግዛት፣ ማቴሁዋላ በተባለች ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዘር ሐረጉ ከስፔን ወረራ በፊት ጀምሮ በመካከለኛው ሜክሲኮ ከኖሩት ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከኦቶሚ ይመዘዛል።

ሦስት ዓመት ሲሞላው አገሩ ተቃጠለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሥልጣን ላይ የቆየውን የፖርፊሪዮ ዲያስን አገዛዝ ለመጣል በ1910 የተጀመረው አብዮት ወደ እርስ በርስ ጦርነት ተለወጠ፤ አሥር ዓመት ያህልም ዘለቀ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በርካታ ቤተሰቦችም የሪዮ ግራንዴን ወንዝ ተሻግረው ወደ ቴክሳስ ተሰደዱ። የሜዴሊን ቤተሰብ በ1920 ሳን አንቶኒዮ ከተማ ሲሰፍር ልጁ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

በሳን አንቶኒዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት አገኘ። ከስፔናዊው ሠዓሊ ከሆሴ አርፓ ሥዕልን፣ ከሃቪየር ጎንዛሌዝ ደግሞ ንድፍን ተማረ። በ1928 ወደ ሰሜን አቅንቶ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ለጥቂት ጊዜ ትምህርቱን ቀጠለ። እስከዚህ ድረስ መንገዱ እንደማንኛውም የዘመኑ ወጣት ሠዓሊ ነበር፤ አውሮፓ ያጸደቀችውን የአሣሣል ሥርዓት በአሜሪካ ከተሞች መማር።

ወደ መንደር የተደረገ ጉዞ

በ1929 ግን ብዙ ስደተኞች በልባቸው የሚመኙትን፣ ጥቂቶች ብቻ የሚያደርጉትን አደረገ፤ ወደ ተወለደበት አገር ተመለሰ። ሜክሲኮ በዚያን ጊዜ ከአብዮቱ ወጥታ ራሷን እንደገና እየፈለገች ነበር። እነ ዲዬጎ ሪቬራ በመንግሥት ሕንጻዎች ግድግዳ ላይ የገበሬውንና የነባር ሕዝቦችን ታሪክ ይሥሉ ነበር። ለዘመናት የተናቀው የአገር ልጅ እጅ ሥራ በሠዓሊያንና በጸሐፍት ዘንድ ክብር ማግኘት የጀመረው ያኔ ነው።

ሜዴሊን በሜክሲኮ ሲቲ ከጓቲማላዊው ሠዓሊ ከካርሎስ ሜሪዳ ጋር ተዋወቀ። ሜሪዳ የማያን ሕዝብ ቅርስ ከዘመናዊ ሥዕል ጋር ያዋሐደ ሰው ነበር፤ ለወጣቱም አቅጣጫ ካመላከቱት አንዱ ሆነ። ሜዴሊን በዚያ ጉዞው በከተማው ተወስኖ አልቀረም። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ወዳሉ ሩቅ መንደሮች ወረደ፤ ባለእጆች ሲሠሩም ተመለከተ። ጉዞው ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ።

በሜክሲኮ ገጠር ሸክላ የምትሠራ ሴት ሥራ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ብዙ ቦታ የሸክላ መንኮራኩር የለም፤ ጭቃው ይረገጣል፣ ይታሻል፣ እንደ ገመድ እየተድቦለቦለ ይደራረባል፣ በእጅም ይስተካከላል። ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ጠጠር እየታሸ ያብለጨልጫል፤ ከዚያም በግልጥ ሜዳ በማገዶ ይተኮሳል። የበቆሎ ቂጣ የሚጋገርበት ኮማል የተባለው ጠፍጣፋ የሸክላ መጥበሻ የምጣድ የሩቅ ዘመድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእኛ እናቶች አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚያሟሹት ሁሉ፣ የሜክሲኮ እናቶችም ቂጣው እንዳይጣበቅ አዲሱን ኮማል በኖራ ውኃ ይቀቡታል።

እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ላይ ስማቸውን አይጽፉም። ትምህርታቸውም በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ እያየች፣ እየሞከረች፣ እየሰበረች የምትማረው ነው። የጭቃው ቅባት በቅቶት እንደሆነ፣ እሳቱ መቼ መሸፈን እንዳለበት የሚነግራቸው መሣሪያ የለም። የሚነግሯቸው ጣታቸውና ዓይናቸው ናቸው። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመጣው ለሜዴሊን ይህ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ነበር።

ከድንጋዩ ጋር ፊት ለፊት

በ1931 ወደ ሳን አንቶኒዮ ሲመለስ ጊዜው ክፉ ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ አጥነትን አስፋፍቶ፣ የሜክሲኮ ተወላጆች ላይ ጣት ይቀሰር ነበር። በእነዚያ ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሜክሲኳውያንና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን፣ አንዳንዶቹ በግድ፣ አንዳንዶቹ በጫና፣ ከአሜሪካ እንዲወጡ ተደርጓል። በቴክሳስ የሜክሲኳውያን ልጆች ለብቻቸው በተለዩ ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር፤ እንዳይገቡ የተከለከሉባቸው ምግብ ቤቶችም ነበሩ።

ሜዴሊን የሜክሲኮን ታሪክ በቴክሳስ ድንጋይ ላይ ማስፈር የጀመረው በዚህ ወቅት ነው። በ1932 ከኖራ ድንጋይ የጠረበው “የአብዮቱ መንፈስ” የተሰኘ ሥራው ቤተሰቡን ከቤቱ ያፈናቀለውን ዘመን ያስታውሳል። በሳን አንቶኒዮ በሚገኘው በዊት ሙዚየም ቅርጻ ቅርጽ አስተማረ፤ ከሌሎች አርቲስቶች ጋር ሆኖም ላ ቪሊታ በተባለው የከተማዋ ጥንታዊ ሠፈር የሥዕል ማሳያ ከፈተ።

የአሠራር ስልቱ ቀጥተኛ ቅርጻ የሚባለው ነው። በአውሮፓ በተለመደው መንገድ ቀራጺው መጀመሪያ በጭቃ ሞዴል ይሠራል፤ ሞዴሉ በጄሶ ይገለበጣል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ሌሎች ሠራተኞች እየለኩ ወደ ድንጋይ ያስተላልፉታል። በቀጥተኛ ቅርጻ ግን መካከለኛ የለም። ቀራጺው መሮና መዶሻውን ይዞ ከድንጋዩ ወይም ከግንዱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ የድንጋዩን ጅማት፣ የእንጨቱን አንጓ እየተከተለ ሐሳቡን ይለውጣል። አሳቢው እና ሠሪው አንድ ሰው ናቸው። ይህ የመንደሩ ባለእጅ የሚሠራበት መንገድ ነው።

በ1938 ደግሞ ወደ ዩካታን ልሳነ ምድር ተጓዘ። በቺቼን ኢትዛና በኡሽማል የሚገኙትን የማያና የቶልቴክ ፍርስራሾች እየዞረ ሣለ፤ አጠናም። በጥንት ማያዎች ጭፈራ ላይ የተመሠረተው “ሽቶል” የተሰኘው የኅትመት ሥዕሎቹ ስብስብ የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። ድንጋዩን ሳይቀጣጥን፣ ክብደቱን ሳይደብቅ፣ የሰውን አካል እንደ ምሰሶ አጽንቶ የሚያቆመው የቅርጻ ስልቱም ከእነዚያ ሕንጻዎች ጋር ያለው ዝምድና በግልጽ ይታያል።

ዴንተን፣ ኒው ዮርክ፣ ዳላስ

በዚያው በ1938 ሜዴሊን ከዳላስ በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ዴንተን ከተማ ሄዶ፣ ዛሬ የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በተባለው በያኔው የመምህራን ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። ኮሌጁ በመላው ቴክሳስ ወደሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሚበተኑ መምህራንን ያሠለጥን ስለነበር፣ እዚያ ያስተማረው ነገር በክፍሉ ግድግዳ ሳይወሰን ወደየከተማው ይዘልቅ ነበር።

በ1942 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከዘጠኝ ግዛቶች የመረጣቸውን 18 አርቲስቶች በአንድ ዐውደ ርዕይ አቀረበ። ከቴክሳስ ከተመረጡት መካከል አንዱ ሠዓሊው ኤቨረት ስፕሩስ ሲሆን፣ ሌላው ኦክታቪዮ ሜዴሊን ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በስደት ለመጣ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ማዕከል ወደ ኒው ዮርክ እየተሰበሰበ በነበረበት ወቅት ግን ሜዴሊን ኑሮውን የመሠረተው በቴክሳስ ነው።

ከ1945 እስከ 1966 ድረስ በዳላስ በሚገኘው በሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ እና በከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ትምህርት ቤት አስተማረ። በዚያ ዘመን የዳላስ ሙዚየም የሚመራው በሠዓሊው ጄሪ ባይዋተርስ ነበር፤ የአካባቢው አርቲስቶችም ከባሕር ማዶ የመጣውን ከመቅዳት ይልቅ የራሳቸውን ምድር የሚመለከቱበት እንቅስቃሴ በ1930ዎቹ ሥር ሰድዶ ነበር። ሜዴሊን ግን ወደዚህ ክበብ ያመጣው የቴክሳስን ሜዳ ብቻ አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ከስፔን በፊት የነበረ ቅርስም ጭምር ነው።

በ1950ዎቹ እና ከዚያም በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄደ። ለአብያተ ክርስቲያናትና ለሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ሞዛይኮችንና ቅርጻ ቅርጾችን ሠራ፤ በሸክላና በብርጭቆም አዳዲስ ሙከራዎችን አደረገ። ከአንዱ ማቴሪያል ወደ ሌላው መሻገሩ ለሚያስተምር ሰው ትልቅ ስንቅ ነው፤ እያንዳንዱ ማቴሪያል የራሱ ጠባይ አለውና።

ጭቃ ይቅር ባይ ነው። የተሳሳተ እጅ ያፈረሰውን ያው እጅ መልሶ ያነሳዋል፤ ጨምሮ መለጠፍ፣ ቆንጥሮ መቀነስ ይቻላል። እሳት ከገባ በኋላ ግን ምሕረቱ ያበቃል። ግድግዳው ውስጥ የተዘጋ እርጥበት ካለ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ ውፍረቱ ካልተመጣጠነ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ደግሞ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ይቅርታ አያውቅም፤ የተነሳ ፍንጣሪ አይመለስም። በጭቃ የጀመረ ተማሪ ድፍረትን፣ በድንጋይ የቀጠለ ትዕግሥትን ይማራል። ሁለቱንም የሚያውቅ መምህር ለየትኛው ተማሪ የትኛው እንደሚቀድም ይለያል።

በራሱ ስም የከፈተው ትምህርት ቤት

በ1966፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ ሲጠጋና ሌሎች ዕረፍት ማሰብ ሲጀምሩ፣ ሜዴሊን በዳላስ የራሱን የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤት ከፈተ። መንገዱን ከዩኒቨርሲቲ ክፍል ወደ አውደ ሥራ ማዞሩ ነበር። በአውደ ሥራ ውስጥ ተማሪ ማስታወሻ ሲይዝ አይውልም፤ አጠገቡ ያለው ሰው እንዴት መሮውን እንደሚይዝ ያያል፣ ራሱ ይሞክራል፣ ይበላሽበታል፣ እንደገና ይጀምራል። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ መንደሮች ካየው የትምህርት መንገድ ጋር የሚቀራረበውም ይኸው ነው።

እስከ 1979 ድረስ በዳላስ ከቆየ በኋላ ከሳን አንቶኒዮ ብዙም ወደማትርቀው ባንዴራ ወደተባለች ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች መሥራቻቸው ሲሄድ አብረው ይዘጋሉ። ይኼኛው ግን አልተዘጋም። በኋላ የዳላስ የፈጠራ ጥበባት ማዕከል የሚለውን ስም ይዞ፣ ሸክላን ጨምሮ በርካታ የእጅ ጥበቦች የሚሰጡበት ሆኖ ዘለቀ። የመሥራቹ ስም ከመጠሪያው ወጣ፤ ሥራው ግን ቀጠለ።

ሜዴሊን በ1999 በ92 ዓመቱ ዐረፈ። የሥራ ሰነዶቹ በሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀው ይገኛሉ። በ2022 የዳላስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሕይወት ዘመን ሥራዎቹን የሚያሳይ ሰፊ ዐውደ ርዕይ ከፈተ። አንድ ሙዚየም እንዲህ ያለ አጠቃላይ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅለት የመጀመሪያው ነበር፤ ከሞተ ከ20 ዓመታት በላይ አልፏል። በኒው ዮርክ ታላቅ ሙዚየም ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው የታየ አርቲስት ይህን ያህል ዘመን ለምን እንደተዘነጋ ብዙ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል፦ ከሥነ ጥበብ ገበያው ማዕከል ርቆ መኖሩ፣ ሜክሲኳዊ መሆኑ፣ ዘመኑ ወደ ረቂቅ ሥዕል ማዘንበሉ። ከእነዚህ ጋር አብሮ መጠቀስ ያለበት ግን ዕድሜውን ለማስተማር መስጠቱ ነው። የመምህር ሥራ በሙዚየም መደርደሪያ አይቀመጥም፤ በሌሎች ሰዎች እጅ ውስጥ ይበተናል።

ታሪኩ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ዳላስና አካባቢዋ ዛሬ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ናቸው። በአካባቢው ባለ ኢትዮጵያዊ ቤት ሁሉ ማለት በሚቻልበት ደረጃ አንድ የሸክላ ጀበና አይጠፋም፤ በሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ውቅያኖስ የተሻገረ ዕቃ ነው። የሠራችውን ሴት ስም የሚያውቅ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚከፋውም አለ። በአገራችን ባህል ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ የሚሉት ቃላት ሙያን ከመግለጽ አልፈው ስድብ ሆነው ኖረዋል። ባለእጅ ማለት እጀ ብልህ ማለት ሊሆን ሲገባው፣ ከቡዳ ጋር ተቆራኝቶ ሰውን ከጋብቻና ከማዕድ የሚለይ ስም ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ ምን ያህል የጠለቀ እንደነበረ ያሳያል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ እናቶች የዚያን ንቀት ቅሪት በየዘመኑ ተሸክመውታል።

ንቀት የሚያጠፋው ክብርን ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትንም ነው። የምትሰደብበትን ሙያ ለልጇ ማውረስ የማትሻ እናት ልትወቀስ አትችልም። ገል ተፈጭቶ ከጭቃው ጋር በምን ያህል መጠን ቢቀላቀል ምጣዱ እሳት እንደሚችል፣ የጀበናው አንገት በየትኛው የድርቀት ደረጃ ላይ እንደሚቀጠል የሚያውቁ እጆች ሳያስተምሩ ካረፉ፣ ያ ዕውቀት ከመጽሐፍ ተፈልጎ አይገኝም። የጎንደሯ ወለቃ ለዚህ ሌላ ገጽታ ታሳያለች። በሸክላ ምስሎቻቸው የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ በዚያው የቀሩ ጎረቤቶቻቸው ሥራውን ይዘው ቀጠሉ። እጅ አጠገቡ ካለ እጅ ከተማረ ሙያ የባለቤቱንም ስደት አልፎ ሊኖር ይችላል።

ሜዴሊን ይህን በራሱ ሕይወት ያሳየ ሰው ነው። የተወለደበትን ምድር ዕውቀት ለማግኘት ከስደት ተመልሶ ስማቸው ካልተመዘገበ ባለእጆች እግር ሥር ተቀመጠ፤ ከዚያም ያገኘውን ይዞ የሜክሲኮ ሰው በሚገፋበት ከተማና ዘመን የሜክሲኮን ጥበብ አስተማረ። የከተማዋ ልጆች ከእሱ መማራቸውን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም፤ ለዚያውም ከፍለው ነው የተማሩት።

በማዕከሉ ሸክላ ክፍል ዛሬ ጭቃ የምታቦካ አንዲት የዳላስ ነዋሪ፣ እጇ ላይ ያለው ዕውቀት ከስንት ሰዎች አልፎ እንደደረሳት ላታውቅ ትችላለች። በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ያለው ጀበናም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛዋ ባለእጅ በአብዛኛው ገና በሕይወት መኖሯ ነው። ስሟን መጠየቅም፣ ልጆችን አጠገቧ ማስቀመጥም አሁንም ይቻላል።